ግራሩ ለምን አልደረቀም?

መርሳ ላይ የቀበሌ ቤት ያገኘሁት ሌላ የሚፈልገው ሰው ስለጠፋ ነው። ከደሴ ወልድያ የሚወስደው መንገድ ዳር ካለችው የጎሚስታ ሥራ ቦታዬ ጀርባ፣ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበር። ቆርቆሮው አልዛገም፣ በሩ በደንብ ይቆለፋል፣ ከኋላው ሰፊ ጓሮ አለው። በደርግ ጊዜ እንዲህ ያለ ቤት ለካድሬ ወይም ለካድሬ ዘመድ ይሰጣል እንጂ ጎማ ለሚለጥፍ ሰው አይደርስም። ቁልፉን ሲያስረክቡኝ ሚስቴ እልል አለች። እኔ ዝም በይ አልኳት። ሳይለምኑት የመጣ ነገር ከኋላው የሚጎትተው አይጠፋም።

ትምህርት ቤት አልገባሁም። ማንበብ የለመድኩት የጭነት መኪና ሹፌሮች ጎማቸው እስኪለጠፍ አንብበው ጥለውት ከሚሄዱት ጋዜጣ ነው። ስለዚህ ይህ የተማረ ሰው ጽሑፍ አይደለም። ያየሁትን ካነበብኩት ግን ለይቼ አውቃለሁ፤ ይህን የማይለይ የተማረ ሰው ብዙ አጋጥሞኛል።

ጓሮው መላጣ ነበር። የገባነው በክረምት ነው፤ የጎረቤት አጥር ሁሉ በአረም ተውጦ፣ የእኛው ግቢ ግን እንደ ተጠረገ አውድማ ባዶውን ይታያል። አፈሩ አመድማ ነው። ሚስቴ ሽንኩርት ልትተክል ቆፈር ስታደርገው ጥቁር የሸክላ ስባሪ የመሰለ ነገር፣ ከሥሩ ደግሞ ግራጫ፣ በጥፍር የሚጫር ብረት ወጣ። የባትሪ ቅርፊትና እርሳስ መሆኑን አየሁ። ማን እዚህ እንደጣለው ግን ያወቅሁት ከአንድ የሐራ ሹፌር ነው። ጎማውን ስፈታለት ወደ ቤቴ አየና፣

«ወንድሜ፣ የባትሪ ቤቱን ነው እንዴ የሰጡህ?» አለኝ።

«የምን ባትሪ ቤት?»

«ጉድ ነው። ዕቃ በጠፋ ጊዜ የመንገዱ ባትሪ ሁሉ የሚታደሰው እዚህ አልነበር? አሲዱን እዚያው ይደፋዋል፣ እርሳሱን በብረት ምጣድ ያቀልጠዋል። ወተት ትጠጣለህ?»

«ወተት ለምን?»

«ባትሪ ሠሪው በየቀኑ ይጠጣ ነበራ። መርዙን ያጥባል ይላሉ።»

«አጠበለት?»

ሹፌሩ ሳቀ። «እጆቹ ዛሉ። ማንኪያ ማንሳት አቅቶት ሚስቱ ነበረች የምታጎርሰው። ወተቱን ማን ያጠጣው እንደነበር እንጃ።»

እኔ አልሳቅሁም። የሦስት ዓመት ልጅ ነበረችኝ፤ አፈር ትበላለች።

ብዙ ልጅ አፈር ይበላል። ይገረፋል፣ ይተዋል። የእኔ ልጅ ግን እዚያ ግቢ ከገባን ወዲህ ሆዷን እየያዘች መጮኽ ጀመረች። ፊቷ ነጣ። የምታውቃቸውን ቃላት ትረሳ ነበር፤ «ውኃ» ማለት ለምዳ የነበረች ልጅ ተመልሳ በእጇ ታሳየን ጀመር። ጤና ጣቢያ ወሰድናት፤ ድሬሰሩ የወስፋት መድኃኒት ሰጠን። ሚስቴ ዓይን ነው አለች። እኔ ጓሮው ነው አልኩ። ማናችንም ማስረጃ አልነበረንም። ቀበሌ ሄጄ ሌላ ቤት ለውጡልኝ ስል፣ ሊቀመንበሩ «ጓድ፣ ሰው ቤት አጥቶ በረንዳ ያድራል፣ አንተ ታማርጣለህ?» አለኝ። በሌላው ሰው ችግር የአንዱን አፍ መዝጋት የዚያ ዘመን ጥበብ ነበር።

ቤቱን መልቀቅ ካልቻልኩ አፈሩን መሸፈን አለብኝ ብዬ ወሰንኩ። በበጋ ነፋሱ ከቆላው ሲነሳ የጓሮው አቧራ በበር ሥር ይገባል፤ በምግቡ ላይ፣ በአልጋው ላይ፣ በልጅቷ እጅ ላይ ያርፋል። አንድ ነገር ሥር ሰዶ ይህን አቧራ ካልያዘልኝ መጥረጊያ አያሸንፈውም።

የግብርና ሠራተኛው ደንበኛዬ ነበር። ከሌላ አገር የተመደበ ወጣት ነው፤ የሞተር ብስክሌቱ የውስጥ ጎማ፣ ካላማዳሪው፣ ለተለጣፊ ቦታ እስኪያጣ እየለጠፍኩለት ነው የሚሄደው። ነገሩን ስነግረው ከችግኝ ጣቢያው ባሕር ዛፍ አመጣልኝ። ፕላስቲኩን መልስ ስላለኝ፣ ሥሩን ከአፈሩ አራግፌ፣ ንጹሕ ይሁን ብዬ በውኃ ለቅልቄ ተከልኩ። ቅጠሉ ወዲያው ወየበ፣ ዳር ዳሩ ተቃጠለ። ክረምቱ ሳይወጣ ሁሉም ጭራሮ ሆነ። ሠራተኛው መጥቶ ቁጢጥ አለና አፈሩን በእጁ አሸት አደረገው።

«ጋሼ፣ ይኼ አፈር ሞቷል» አለኝ።

«ከሞተ ይቀበራ» አልኩት። ቢያንስ የሚቀብረው ነገር እንዲያመጣልኝ ነበር የፈለግሁት። እሱ ግን ሌላ መላ አልነበረውም፤ እንደሌለውም አልደበቀኝም። ለዚህ አከብረዋለሁ።

አማቴ ከውርጌሳ ጀርባ ገበሬ ነበሩ። ለገበያ መጥተው እኛ ዘንድ ሲያድሩ የደረቁትን ችግኞች አዩ፤ አንዱን ነቅለው ሥሩን ወደ ብርሃን አደረጉት።

«እንዴት አድርገህ ነው የተከልከው?»

«ሥሩን አጥቤ ነው አባቴ።»

«አራቁተኸዋላ። እኔ ልጄን ስድርልህ ባዶ እጇን ነው የሰጠሁህ?»

«የለም። ጊደር ነበራት።»

«እኮ። ችግኝም ከነእናቱ አፈር ነው የሚሄድ። አለዚያ አገሩን ሲናፍቅ ይሞታል።»

በሚስቴ ወገን ያለው ልማድ ይህ ነው። ዛፍ ወይም ሣር ከአንድ ቦታ ሌላ ቦታ ሲወሰድ፣ ከእናቲቱ ሥር የተዛቀ አፈር አብሮ ይሄዳል። አፈሩ የሚዛቀው ቅጠሉን ገልጦ፣ ቀጫጭኑ ሥር ካለበት ነው። ፀሐይ እንዳያየው በቅጠል ይሸፈናል፤ በረጠበ ጆንያ ይታሠራል። መንገድ ላይ መሬት አይነካም፤ ከነካ አገሩን ለወጠ ይባላል። ለእኔ ይህ የሽማግሌ ተረት ነበር። ነገር ግን አማት ለልጁ ቤት ሲደክም እምቢ አይባልም።

በሚቀጥለው ክረምት አህያቸውን ጭነው መጡ። ከማሳቸው ድንበር ካለው ትልቅ ግራር ሥር የዛቁትን አፈር፣ ከዚያው ሥር የበቀሉ የግራር ችግኞችን ከነጓላቸው፣ ከዚያም በቁራጭ በቁራጭ የተነሣ ሰርዶ አመጡ። ጉድጓዱን እኔ ቆፈርኩ። እሳቸው በየጉድጓዱ የእናቱን አፈር በእፍኝ ጨመሩ፣ የፍየል በጠጥ ደባለቁ፣ ችግኙን አስቀመጡና በእግራቸው ጠቀጠቁት። ሰርዶውን በመሐል በመሐሉ አነጠፉት። እየሠሩ ሁሉ ግራሩን ያናግሩት ነበር፤ አይዞህ፣ ዘመዶችህ አብረውህ ናቸው ይሉታል። ሚስቴ ትስቃለች። ልጄ በእናቷ ጀርባ ታዝላ ታያለች።

አልደረቁም። ጥቂቱ ሞተ፣ አብዛኛው ቆመ። ሰርዶው መጀመሪያ ግራ እንደተጋባ ሰው ባለበት ቆየ፤ ከዚያ እግሩን ዘረጋ። በሁለተኛው ክረምት ያ አመድማ መሬት አረንጓዴ ለበሰ። በበጋ ነፋሱ ሲመጣ አቧራው ከሌላ ሰው ግቢ ነው እንጂ ከእኔ አልተነሣም። ልጄ ሆዷን መያዝ ተወች፣ ሥጋ ገባላት፣ «ውኃ» አለች። ሰርዶው ነው ያዳናት ብዬ አልምልም። እጇን መታጠብ አስለምደናታል፣ አፈር ስትነካም እቆጣ ነበር። ግን አቧራው ቀረ፤ ልጅቷም ዳነች። ያየሁት ይህን ነው።

የግብርና ሠራተኛው ሲያይ ማመን አቃተው። በቢላዋ ከሰርዶው ሥር ትንሽ ጓል አነሣ፣ ከኪሱ ማጉያ መነጽር አውጥቶ ለረጅም ጊዜ አየ፣ ከዚያ ለእኔ ሰጠኝ። ከሥሩ ወደ አፈሩ የሚሄዱ፣ ከሸረሪት ድር የቀጠኑ ነጫጭ ክሮች አየሁ። ያለ መነጽሩ አይታዩም።

«ፈንገስ ነው ጋሼ። የአፈር ሻጋታ በለው። ከሥሩ ጋር ተጋብቶ ነው የሚኖር። ተክሉ ይመግበዋል፤ እሱ ደግሞ ሥሩ የማይደርስበት ድረስ ሄዶ ውኃና ምግብ ያመጣለታል። እሳቸው ያመጡት ይኼንን ነው።»

«እርሳሱንስ ምን አደረገው?»

«የትም አልወሰደውም። እዚያው ሥር ላይ ነው። ግራሩ ኖረ ማለት መሬቱ ነፃ ነው ማለት እንዳይመስልህ። ከዚህ የበቀለ ቅጠል ለልጅህ እንዳታበላ።»

ከብዙ ዓመት በኋላ በእጄ የገባውን ሁሉ ሳነብ የነገረኝ ትክክል እንደነበር አወቅሁ። እነዚህ ክሮች መርዛማውን ብረት በገላቸው ላይ ይይዙታል፤ የሚተፉት ሙጫ የመሰለ ነገር አፈሩን ከነብረቱ ያጣብቀዋል። ተክሉ ውስጥ የሚገባውንም አብዛኛውን ከሥሩ ላይ ያስቀሩታል፤ ወደ ቅጠሉ የሚወጣው ያንሳል። ዘበኛ ሌባን ደጃፍ ላይ ይዞ እንደሚቆም ማለት ነው። ግን ዘበኛው ሌባውን አልገደለውም። ዘበኛውን ያባረርክ ቀን ሌባው እዚያው ነው።

ሠራተኛው ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ። መነጽሩንም ይዞት ሄደ።

ሊቀመንበሩ አረንጓዴውን ያየው ከዚያ በኋላ ነው። የጂፑን ጎማ ላስለጥፍ ብሎ መጥቶ፣ እኔ ስሠራ በግቢው ገባና ሰርዶው ላይ ተረከዙን እያዞረ ቆመ። በሚቀጥለው እሁድ የቀበሌው ስብሰባ ላይ ጓሮዬ ለቀበሌው ሱቅ የጎመን ማሳ እንዲሆን ሐሳብ ቀረበ። የቀበሌ ቤት ስለሆነ ጓሮውም የቀበሌ ነው። በዚያ ላይ ሕዝብ ተርቦ ከተነሣ ገና ነው፤ ሣር አብቅሎ መቀመጥ ነውር ነበር። ይህ ሐሳብ በራሱ ክፉ አልነበረም፤ እኔም በእነሱ ቦታ ብሆንና የማውቀውን ባላውቅ እጄን አወጣ ነበር።

ተነሥቼ ስለ ባትሪ ቤቱ ተናገርኩ። መርሳ ውስጥ ያን የማያውቅ አልነበረም፤ ግን ስብሰባ ላይ ሰው ያወቀውን ይረሳል።

«መርዝ ነው ትላለህ» አለ ሊቀመንበሩ። «መርዝ ከሆነ ግራሩ ለምን አልደረቀም?»

ከጓሮው ያመጣሁትን ጓል አወጣሁና ስለ ክሮቹ ተናገርኩ። ሊቀመንበሩ ጓሉን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ አቀረበው፣ ገለባበጠው፣ ለጸሐፊው አቀበለው። ጸሐፊው ለፊተኛው ወንበር አቀበለው።

«የታል ክሩ?» አለ አንዱ።

«በዓይን አይታይም።»

«መርዙስ?»

«እሱም በዓይን አይታይም።»

«ጓዶች» አለ ሊቀመንበሩ፣ «ይህ ሰው የማይታይ መርዝ በማይታይ ክር አሥሬያለሁ እያለን ነው። እንዲህ ያለ ጠንቋይ በቀበሌያችን እንዳለ አላወቅንም ነበር።»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። «ጎማችንንም በማይታይ ክር ነው እንዴ የምትሰፋው?» አለ ከኋላ አንድ ደንበኛዬ። በሌላ ቀን ቢሆን ባልተከፋሁም ነበር፤ ቀልዱ መጥፎ አልነበረም።

ከዚያ ሊቀመንበሩ ከበሩ አጠገብ ወደተቀመጡት አማቴ ዞረ። ገበያ ውለው ነበር፤ ያስጠራቸው እሱ ነው።

«አባባ፣ ይህን አፈር ያመጡት እርስዎ ነዎት ይባላል።»

አማቴ ተነሡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያን ያህል ሰው ጸጥ ብሎ አድምጧቸው አያውቅም ነበር። ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ። ከአባቴ ማሳ የዛቅሁት አፈር ነው።»

«ጎመን ያበቅላል?»

«የእኔ አፈር የነካው መሬት ድንጋይ ብትተክሉበትም ይበቅላል። ሞቶ የነበረ መሬት አስነሥቻለሁ፤ ዓይናችሁ አይቷል።»

ተጨበጨበላቸው። እኔ በዚያን ጊዜ ሁለት ነገር ፊቴ ተደቀነ፤ የአማቴ ክብርና ልጄ። በእኛ አገር አማትን በሰው ፊት ማስተባበል መምታት ነው። ተነሣሁና፣

«አባቴ ልማዱን ያውቃሉ እንጂ ከሥሩ ያለውን አያውቁም። መሬቱ አልተነሣም። ሬሳው ላይ ሣር ነው ያለበስነው» አልኩ።

አማቴ አላዩኝም። ዱላቸውን አነሡ፣ በሰዎቹ መካከል አለፉና ወጡ። ማታ ለማደር ቤቴ አልመጡም። እስኪሞቱም ድረስ ደጄን አልረገጡም። ሚስቴ «ዝም ብትል ምን ነበር? መሬቱን እንደሆነ መውሰዳቸው አይቀርም ነበር» ትለኛለች። ልክ ናት፤ መውሰዳቸው አይቀርም ነበር። ግን ሰው ዝም የሚለው እውነቱ ስለማያሸንፍ ከሆነ፣ ስብሰባው ሳይጠራም ተሸንፏል። ዛሬም ቢሆን እናገራለሁ። አማቴ ግን ክፉ ሰው አልነበሩም። ያመኑበትን ነው የመሰከሩት። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው፤ ልጄን ያዳነው እፍኛቸው መልሶ የልጄን ከለላ የገፈፈው በክፋት ሳይሆን በኩራት ነው።

ግራሮቹን በበጋው ቆረጧቸው። ሰርዶውን በበሬ ገለበጡት፤ ሥሩ እስኪገላበጥ ደጋግመው አረሱት። ወደ ላይ የወጣው አፈር ያው አመድማው ነበር። ነፋሱ ሲመጣ አቧራው የድሮ መንገዱን አልረሳም። በበር ሥር ገባ። በርበሬው ላይ፣ አልጋው ላይ አረፈ። ሚስቴ ጨርቅ እያረጠበች በር ሥር ትወትፋለች፤ እኔ ቀን ቀን ሥራ ትቼ ግድግዳ እመርጋለሁ። ብዙ አልቆየም፣ ልጄ ሆዷን ይዛ መጮኽ ጀመረች።

ጎመኑ ግን አማረ። የሰርዶው ብስባሽና የፍየሉ በጠጥ ገብቶበታል፤ ከመርሳ ወንዝ በቦይ ውኃ ይመጣለታል። ቅጠሉ እንደ ዝሆን ጆሮ ሰፋ። ኋላ ሳነብ አንድ ነገር አገኘሁ፤ ያነበብኩበትን ገጽ ዘግቼ ወደ ውጭ ወጣሁ። ጎመን ከእነዚያ ክሮች ጋር ከማይወዳጁት ጥቂት ተክሎች አንዱ ነው። ግራር ይቀበላቸዋል፣ ሰርዶ ይቀበላቸዋል፣ ማሽላም ሽንኩርትም ይቀበላቸዋል። ጎመን ብቻውን ነው የሚያድግ። ከተክል ሁሉ መርጠው ዘበኛ የሌለውን ተከሉበት። ያን ጊዜ ይህን እኔም አላውቅም ነበር፤ አውቄስ ቢሆን ለማን ልናገር?

አራሚዎቹ ልጆቻቸውን አዝለው የሚመጡ እናቶች ነበሩ። በአጥር ላይ ሆኜ ነገርኳቸው። አንዷ «ቀበሌ ስለወሰደብህ ነው አይደል? አብሽር፣ ያልፋል» አለችኝ። ሌላዋ «ምቀኝነት አያምርብህም» አለች። ምቀኛ ተብሎ የተጠረጠረ ሰው ከዚያ በኋላ የሚናገረው ሁሉ ለምቀኝነቱ ምስክር ይሆንበታል። መናገር አቆምኩ።

የጎማ መፍቻዬን፣ ፓምፔንና አልጋዬን ጭኜ ወልድያ ገባሁ። መርሳ ላይ ያፈራሁትን ደንበኛ ሁሉ ጥዬ በወልድያ እንደ አዲስ ጀማሪ መንገድ ዳር ተቀመጥኩ፤ በመጀመሪያው ዓመት ጦም ያደርንበት ቀን ነበር። ልጄ ሆዷ ዳነላት። ትምህርት ቤት ስትገባ ግን ፊደሉ አልያዝ አላት። በኋላ የተወለደው ታናሽ ወንድሟ ያለፈውን ክፍል እሷ ትደግማለች። እኔ ከጋዜጣ ቁራጭ ፊደል ለቅሜ የኖርኩ ሰው ይህን ማየት ከባድ ነው፤ ብዙ ጊዜም ያለ ጥፋቷ ገሠጽኳት። ከአፈሩ ይሁን ከተፈጥሮዋ አላውቅም። ማወቅ የሚቻልበት መንገድም የለም። በስብሰባው ላይ እነሱም ያሸነፉኝ በዚሁ ነው።

ደርግ በወደቀ በዓመቱ ግድም ልጄን ይዤ በመርሳ ሳልፍ አውቶቡሱ ቆመ። ወረድን። ቀበሌው ሱቁን ዘግቷል፣ ሊቀመንበሩ የት እንደገባ አይታወቅም፤ ማሳው ግን አለ። ያኔ ከሚያርሙት አንዷ ይዛዋለች፤ ጎመኗን በአጥሩ ሥር በእስር በእስር ደርድራ ትሸጣለች። ልጄ ቆማ ስታይ ሴትዮዋ አንድ እስር አንሥታ አስያዘቻት።

«ያዢ የኔ ልጅ። ከሌላ እንዳትገዙ። ይኼ መሬት ወላሂ በረካ አለው፤ ምንም ብትዘራበት አያሳፍርህም።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ቆይ፣ ያ ጎሚስታ አይደለህም እንዴ? መርዝ ነው ያልከን?»

«ነኝ።»

«ይኸው በልተን አልሞትንም።»

በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን በትከሻዋ ላይ ተንጠራርቶ ከቅጠሉ አንዱን ቀንጥቦ ያኝካል። ፊቱ ነጣ ያለ ነበር፤ ምናልባት እንዲያ ሆኖ የታየኝ እኔ ስለፈለግሁት ይሆናል። አጥሩ ጥግ አንድ የግራር ጉቶ አቆጥቁጦ፣ ሥሩን ሰርዶ ከቦታል።

«ግራሩም አልሞተም ነበር» አልኳት።

ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባትም። ከልጄ እጅ ጎመኑን ተቀብዬ በቦታው መለስኩት። ልጄ አፍራ መሬት መሬት ታያለች። ሴትዮዋ ከኋላዬ «ምቀኝነቱ አሁንም አልለቀቀውም» ስትል እየሰማሁ ወደ አውቶቡሱ ሄድን።